የክፍት ምንጭ የድረ ገጽ ሶፍትዌርን ለሁሉም ተደራሽ ለማድረግ በበጎ ፈቃድ መሥራት፦ ዝርዝር መመሪያ

ተደራሽ የምንለው ማየት የተሳናቸውንና ማውስ መያዝ የማይችሉትን ጨምሮ ማንም ሊጠቀምበት የሚችለውን ሶፍትዌር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ብዙ በጎ ፈቃደኞች በመጀመሪያው ሙከራቸው ላይ ስለሚቀሩ ነው። በቅን ልብ ይነሣሉ፣ አንድ የመመርመሪያ መሣሪያ ይከፍታሉ፣ መሣሪያው የዘረዘረውን ሁሉ ገልብጠው ለፕሮጀክቱ ይልካሉ፣ ከዚያም መልስ እንደጠበቁ ወራት ያልፋሉ። እኔም ያለፍኩበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ከ60 በላይ ስህተቶችን በአንድ ላይ የደረደረ ነበር፤ በማግስቱ «ተለያይቶ ይቅረብ» በሚል አንድ መስመር ተዘጋ። ያኔ ቅር ቢለኝም ትክክለኞቹ እነርሱ ነበሩ። በአንድ ገጽ ላይ ያለን አንድ ጉድለት፣ ማንም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሊያየው በሚችል መልኩ ያቀረበ ሰው ሰሚ ያገኛል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ወደዚያ ለመድረስ ነውና ደረጃ አይዝለሉ።

## ቅድመ ዝግጅት

ከደረጃ 1 እስከ 5 ላለው ሥራ ኮድ መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም። የሚከተሉትን ግን አስቀድመው ያሟሉ።

ስክሪን ሪደር። በማያው ላይ ያለውን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ ኤንቪዲኤን ይጫኑ፤ በነጻ የሚገኝ፣ ራሱም ክፍት ምንጭ የሆነ ፕሮግራም ነው። በማክ ላይ ቮይስኦቨር አብሮ የተጫነ ሲሆን ኮማንድን ይዘው ኤፍ5ን ሲጫኑ ይከፈታል፣ በዚያው ይዘጋል። በሊኑክስ ላይ ኦርካ አለ። ማስጠንቀቂያ፦ ኤንቪዲኤን ከመክፈትዎ በፊት ንግግሩን ዝም የሚያሰኘው የኮንትሮል ቁልፍ መሆኑን፣ ፕሮግራሙ የሚዘጋው ደግሞ ኢንሰርትን ይዘው ኪውን ሲጫኑ መሆኑን ይያዙ። ይህን ሳያውቁ የከፈቱ ሰዎች በንግግሩ ፍጥነት ተደናግጠው ኮምፒውተራቸውን እስከ ማጥፋት ይደርሳሉ። ከዚያም በኤንቪዲኤ ሜኑ ቱልስ በሚለው ሥር ስፒች ቪወር የሚባለውን መስኮት ይክፈቱ። የሚነገረውን ሁሉ በጽሑፍ ስለሚያሳይ ጆሮዎ ያመለጠውን ዓይንዎ ይይዘዋል፤ ኋላም ለሪፖርቱ የሚገለብጡት ከዚያ ነው።

በትክክል የተስተካከለ ብራውዘር። በማክ ላይ ሳፋሪ በመነሻ አቀማመጡ ታብ ሲጫኑ ሊንኮችን ይዘላል። ይህን የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ «ሊንኮቹ በኪቦርድ አይደረሱም» ብሎ ሐሰተኛ ጉድለት ያስመዘግባል። ወደ ሳፋሪ ማስተካከያ ገብተው አድቫንስድ በሚለው ክፍል ታብ እያንዳንዱን የገጹን ክፍል እንዲያደምቅ የሚያዘውን ምርጫ ያብሩ።

መለኪያ። ጉድለት የሚለካው በስሜት አይደለም። ዓለም አቀፉ የድር ጥምረት ያወጣው መለኪያ በአጭሩ ደብሊውካግ የሚባለው ሲሆን፣ ሥሪት 2.2 በጥቅምት ወር 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጸድቋል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ፕሮጀክቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት መካከለኛውን፣ ማለትም የኤኤ ደረጃን ነው። በኤ እና በኤኤ ሥር ያሉት መስፈርቶች 55 ናቸው። ሁሉንም በቃልዎ ለመያዝ አይሞክሩ፤ በዚህ መመሪያ በየደረጃው የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች ብቻ እያወጡ ያንብቡ። ከዚህ ሌላ ኤታግ 2.0 የሚባል፣ በ2015 የወጣ የማዘጋጃ መሣሪያዎች መለኪያ አለ። የድረ ገጽ ሶፍትዌር ሁለት ፊት አለውና፤ ጎብኚ የሚያየው ገጽ አንዱ ሲሆን ጽሑፉ የሚዘጋጅበት የአስተዳደር ገጽ ሌላው ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚፈትሹት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ማየት የተሳነው ጋዜጠኛ ጽሑፉን ራሱ ማውጣት የሚችለው ግን ሁለተኛው ሲስተካከል ነው።

የመሞከሪያ ቦታ። ሰዎች በሚጠቀሙበት ድረ ገጽ ላይ ፈጽሞ አይሞክሩ። በዚህ መመሪያ በምሳሌነት የማነሣቸው ዎርድፕረስ፣ ድሩፓልና ጁምላ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ናቸው። ለዎርድፕረስ ፕሌይግራውንድ የሚባለው ምንም ሳይጫን በብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፤ ለድሩፓል ዲዲኢቪ የተባለውን መሣሪያ በኮምፒውተርዎ ላይ መጫን ይሻላል። በሁለቱም ዘንድ የሚፈትሹት የቅርብ ጊዜውን የልማት ሥሪት፣ ማለትም ገና እየተሠራ ያለውን መሆን አለበት። ከዓመት በፊት በወጣ ሥሪት ላይ የተገኘ ጉድለት ምናልባት ተስተካክሏል።

## ደረጃ 1፦ ፕሮጀክትና አንድ ገጽ ይምረጡ

አስቀድመው የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ይምረጡ፤ አንድ አዝራር ምን መሥራት እንደነበረበት የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው። በየፕሮጀክቱ የተደራሽነት ሥራ የሚገኝበት ቦታ ይለያያል። የዎርድፕረስ ዋና ኮድ ጉድለቶች ትራክ በሚባለው መዝገብ ላይ «አክሰሲቢሊቲ» በሚል ዘርፍ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የብሎክ አርታኢው ጉድለቶች ግን ኮድ በጋራ በሚሠራበት ድረ ገጽ፣ በጊትሃብ ላይ ናቸው። በድሩፓል «የተደራሽነት ግምገማ ያስፈልገዋል» የሚል ትርጉም ያለው መለያ አለ። የጁምላ መዝገብ በጊትሃብ ላይ ይገኛል። ሲፈልጉ «ኤ-11-ዋይ» የሚለውን ምህጻርም ይጠቀሙ፤ አክሰሲቢሊቲ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል መካከል 11 ፊደላት ስላሉት በዚህ መንገድ ያሳጥሩታል።

ከዚያ አንድ ገጽ ብቻ ይምረጡ። ለምሳሌ ምስል የሚጫንበትን ወይም ሜኑ የሚስተካከልበትን ገጽ ይያዙ። «ሙሉውን ሶፍትዌር እፈትሻለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

## ደረጃ 2፦ ማውሱን አርቀው በኪቦርድ ይፈትሹ

ማውሱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ፤ አጠገብዎ ካለ እጅዎ ሳያስቡት ይሄዳል።

1. ገጹን ከላይ ጀምረው በታብ እስከ ታች ይውረዱ፤ በሺፍት እና ታብ ወደ ላይ ይመለሱ።
2. በእያንዳንዱ እርምጃ የት እንዳሉ በዓይንዎ ይታይዎታል? የማይታይዎት ከሆነ መስፈርት 2.4.7 ተጥሷል።
3. ቅደም ተከተሉ ከንባቡ ጋር ይስማማል? ከግራ ተነሥቶ ሳይታሰብ ወደ ገጹ ግርጌ ዘሎ የሚመለስ ከሆነ 2.4.3ን ይመልከቱ።
4. በማውስ የሚሠራውን ሁሉ በኢንተር፣ በስፔስ ወይም በቀስት ቁልፎች ይሞክሩ። ጎትቶ ማስቀመጥ የሚጠይቅ ነገር ካለ ሌላ መንገድ ይፈልጉለት፤ ካጡ 2.1.1ን ይመዝግቡ።
5. ብቅ ባይ መስኮት ይክፈቱ። ፎከሱ (ኪቦርዱ በዚያ ቅጽበት ያለበት ቦታ) ወደ መስኮቱ መግባት፣ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ከኋላው ወዳለው ገጽ አለማምለጥ፣ በኢስኬፕ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ከፈተው አዝራር መመለስ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ከመሰረዝ በኋላ ያለው ቅጽበት ነው። ከዝርዝር ውስጥ ሰባተኛውን ክፍል በኪቦርድ ይሰርዙ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ታብ ይጫኑ። ፎከሱ ወደ ስምንተኛው ወይም ወደ ስድስተኛው ክፍል ከሄደ ደህና ነው። አዝራሩ ከነክፍሉ ስለጠፋ ፎከሱም አብሮ ጠፍቶ ከገጹ ራስ የሚጀምር ከሆነ፣ ሃያ ክፍሎችን መሰረዝ ያለበት ሰው ከላይ እስከ ታች ሃያ ጊዜ ይወርዳል። ይህ ዓይነቱ ጉድለት በመሣሪያ ስለማይገኝ ለእርስዎ የቀረ ሥራ ነው።

ቢሰናከልስ? ፎከሱ ከአንድ ቦታ መውጣት ካቃተው መጀመሪያ ኢስኬፕን፣ ቀጥሎ ሺፍት እና ታብን ይሞክሩ። የኮድ መጻፊያ ሳጥኖች ታብን ለራሳቸው ሊይዙት ይችላሉ፤ መውጫ መንገዱ በጽሑፍ የተገለጸ ከሆነ ጉድለት አይባልም። ካልተገለጸና ካልተገኘ ግን ወጥመድ ነው፤ 2.1.2 ይባላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘገብ ነው።

## ደረጃ 3፦ ገጹን ያዳምጡ

ኤንቪዲኤን ይክፈቱና ያንኑ ገጽ እንደገና ይሂዱበት። ኤች የሚለው ፊደል ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ቢ ከአዝራር ወደ አዝራር፣ ኤፍ ከቅጽ ሳጥን ወደ ቅጽ ሳጥን ያዘልልዎታል። ኢንሰርት እና ኤፍ7 የገጹን ሊንኮች፣ ርዕሶችና አዝራሮች በዝርዝር ያወጣል።

በዚህ ዝርዝር ላይ ይቆዩ። አንድ ሠንጠረዥ 20 ረድፍ ቢኖረውና በየረድፉ የእርሳስ ምስል ያለበት አዝራር ቢኖር፣ በዓይን ሲታይ ግልጽ ነው፤ እርሳሱ የሚያስተካክለው አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ነው። በጆሮ ግን «ኤዲት በተን፣ ኤዲት በተን፣ ኤዲት በተን» ሃያ ጊዜ ይሰማል። ከዚህ የከፋው «በተን» ብቻ የሚሰማበት ነው። የመጀመሪያው ስም አለው ግን አይለይም፤ ሁለተኛው ስሙ ራሱ ጠፍቷል፣ ይህም የ4.1.2 ጥሰት ነው። በሪፖርትዎ ላይ ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ መፍትሔያቸውም ክብደታቸውም የተለያየ ነው።

ቀጥለው «አስቀምጥ» የሚለውን አዝራር ይጫኑና ዝም ብለው ያዳምጡ። በማያው ላይ አረንጓዴ መልእክት ብቅ ብሎ በጆሮ ምንም ካልተሰማ፣ ሥራው ይቀመጥ አይቀመጥ የማያይ ሰው ሊያውቅ አይችልም። መስፈርቱ 4.1.3 ነው።

ቢሰናከልስ? ፊደላቱ ሲጫኑ ከመዝለል ይልቅ በሳጥን ውስጥ የሚጻፉ ከሆነ ኤንቪዲኤ የመጻፊያ ሁነታ ላይ ነው፤ ኢንሰርት እና ስፔስ ይጫኑና ወደ ንባብ ሁነታ ይመልሱት። ከአዲስ ፈታሾች ዘንድ «አይሠራም» ተብለው ከሚመጡት ጉድለቶች ብዙዎቹ የዚህ ሁነታ አለመታወቅ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓይንዎን ጨፍነው ለአንድ ሰዓት መሞከር የዕለት ተዕለት ተጠቃሚ አያደርግዎትም። «ስም የለውም» ወይም «አልተነገረም» ማለት ይችላሉ፤ የሚጨበጥ ነገር ነውና። «ግራ ያጋባል» ወይም «ይሰለቻል» የሚለውን ፍርድ ግን በስክሪን ሪደር ለሚኖሩት ይተዉ፤ በፕሮጀክቱ የተደራሽነት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያሉ አባላት ካሉ ይጠይቋቸው። ድሩፓል ኦሊቬሮ የተባለውን የገጽታ ንድፉን የሰየመው ማየት በተሳናት በማኅበረሰቡ አባል በራሔል ኦሊቬሮ ስም ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በሥራው መሐል ያሉ ባለሙያዎች ናቸውና ምክራቸውን እንደ ባለሙያ ምክር ይቀበሉ።

## ደረጃ 4፦ ማጉላት፣ ቀለምና መሣሪያ

የመስኮቱን ስፋት 1280 ፒክስል አድርገው ገጹን 400 በመቶ ያጉሉት፤ ይህ ከ320 ፒክስል ስፋት ጋር እኩል ነው። ጽሑፍ ለማንበብ ወደ ጎን መግፋት ካስፈለገ ወይም አዝራር ከተሸፈነ 1.4.10 ተጥሷል። ሰፊ ሠንጠረዦች ከዚህ ነጻ ናቸው።

ለቀለም፣ መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ያስፈልገዋል፤ ለትልቅ ጽሑፍና ለአዝራር ድንበሮች 3 ለ1 ይበቃል። ቁጥሩ አይጠጋጋም። በነጭ ጀርባ ላይ 767676 የተባለው ግራጫ 4.54 ስለሚያመጣ ያልፋል፤ 777777 የተባለው 4.48 ስለሚያመጣ ይወድቃል። በዓይን ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ስለዚህ በዓይን አይፍረዱ።

አውቶማቲክ መሣሪያዎችን፣ ማለትም አክስን፣ ዌቭን ወይም ላይትሃውስን የሚያሄዱት አሁን ነው፤ ቀድመው ካሄዷቸው ዓይንዎን ያስሩታል። መሣሪያ ምስሉ ገላጭ ጽሑፍ እንዳለው ያውቃል፤ ጽሑፉ «ምስል 3» የሚል ከንቱ ነገር መሆኑን ግን አያውቅም። ላይትሃውስ 100 ሰጠ ማለት ገጹ ተደራሽ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው ያገኘውን እያንዳንዱን ነገር በእጅዎ ሳያረጋግጡ አያስመዝግቡ።

## ደረጃ 5፦ ሪፖርቱን ይጻፉ

መጀመሪያ ጉድለቱ ቀድሞ መመዝገቡን ይፈልጉ፤ የተዘጉትንም ጨምረው ይፈልጉ። ካገኙ አዲስ አይክፈቱ፤ በዚያው ሥር በየትኛው ሥሪት ላይ እንደደገሙት ይጻፉ። ካላገኙ ለአንድ ጉድለት አንድ ሪፖርት ይክፈቱ። የሥራ ቋንቋው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለሆነ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። ይዘቱ የሚከተለውን ይምሰል፦

> ርዕስ፦ የሜኑ ማስተካከያ ገጽ፦ «አስወግድ» ከተጫነ በኋላ የኪቦርድ ፎከስ ወደ ገጹ ራስ ይመለሳል
> የተሞከረበት፦ የዛሬው የልማት ሥሪት፤ ፋየርፎክስ 133፤ ኤንቪዲኤ 2024.4፤ ዊንዶውስ 11
> እርምጃዎች፦ 1. አምስት ክፍል ያለው ሜኑ ይክፈቱ። 2. በታብ ወደ ሦስተኛው ክፍል ይሂዱ። 3. «አስወግድ» ላይ ኢንተር ይጫኑ። 4. አንድ ጊዜ ታብ ይጫኑ።
> የሆነው፦ ፎከሱ ከገጹ የመጀመሪያ ሊንክ ይጀምራል።
> መሆን የነበረበት፦ ፎከሱ ወደ ቀጣዩ ክፍል፣ ቀጣይ ከሌለ ወደ ቀዳሚው መሄድ።
> መስፈርት፦ 2.4.3

«አካል ጉዳተኞችን ታገላላችሁ» የሚል ዓይነት ወቀሳ አይጨምሩ። ወቀሳው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያነበው ሰው ምናልባት እንደ እርስዎ ከሥራ በኋላ የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ሪፖርቱም የክርክር መድረክ ይሆንና ጉድለቱ ይረሳል።

መልስ ቢጠፋስ? ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ በቅርቡ ሥሪት እንደገና ሞክረው ውጤቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ያም ካልሠራ በቡድኑ መደበኛ ስብሰባ ላይ የሪፖርቱን ቁጥር ብቻ ይጥቀሱ። «እኔ ዘንድ ይሠራል» ከተባሉ አይከራከሩ፤ ከስፒች ቪወር የገለበጡትን ጽሑፍ ያያይዙና ምላሽ ሰጪው በየትኛው ስክሪን ሪደርና ብራውዘር እንደሞከረው ይጠይቁ። በአንዱ ጥምረት ሠርቶ በሌላው የሚሰናከል ጉድለት ብዙ ነው።

ኮድ የማይጽፉ ከሆነ ሌሎች ያቀረቧቸውን ማስተካከያዎች በደረጃ 2 እና 3 መንገድ እየፈተሹ ውጤቱን ይጻፉ። በብዙ ፕሮጀክቶች የሚያንሰው ኮድ ጸሐፊ ሳይሆን ፈታሽ ነው።

## ደረጃ 6፦ ማስተካከያውን ይጻፉ

ኮድ ከመጀመርዎ በፊት በሪፖርቱ ሥር መፍትሔዎን በሁለት መስመር ይጻፉና አስተያየት ይጠብቁ። ከዚያ የፕሮጀክቱን ኮድ ፎርክ ያድርጉ (የራስዎን ቅጂ ይያዙ)፣ ለዚህ ጉድለት ብቻ የሚሆን ብራንች (የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) ይክፈቱ፣ በመንገድዎ ያገኙትን ሌላ ነገር ሳይነኩ ይሥሩ። ክፍተት ማስተካከልና ስም መቀየር ገምጋሚውን ያደክማል።

መጀመሪያ ያለውን የኤችቲኤምኤል መለያ ይጠቀሙ። አንድ ሰው የቆሻሻ ቅርጫት ምስል ዲቭ በሚባለው ተራ መያዣ መለያ ውስጥ አስቀምጦ በማውስ ሲጫኑት እንዲሠራ አድርጎታል እንበል። ታብ አያገኘውም፣ ኢንተር አይሠራበትም፣ ስክሪን ሪደርም አዝራር መሆኑን አይናገርም። በአሪያ (የአንድን ነገር ምንነትና ስም ለስክሪን ሪደር በሚናገር ተጨማሪ ምልክት) ሚና፣ ታብ እንዲደርስበት በሚያደርገው በታብኢንዴክስ፣ ለኢንተርና ለስፔስ በሚጻፍ ተጨማሪ ኮድ መለጠፍ ይቻላል። ዲቩን በበተን መተካት ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ የሚቀረው ስም መስጠትና መልኩን በሲኤስኤስ ማስተካከል ነው። አሪያ የሚመጣው የኤችቲኤምኤል መለያዎች ካልበቁ ብቻ ነው፤ ያላግባብ የገባ አሪያ ካልገባው ይከፋል፤ የሌለውን ነገር አለ ብሎ ይናገራልና።

የሚከተሉትን ከመላክዎ በፊት ይፈትሹ፦

- ታብኢንዴክስ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር አይስጡ፤ የገጹን ቅደም ተከተል ያናጋል።
- በአሪያ የሚሰጡት ስም በዓይን የሚታየውን ጽሑፍ ይያዝ። አዝራሩ ላይ «ፈልግ» ተጽፎ በአሪያ «መጠይቅ አስገባ» ቢባል፣ በድምፅ ትእዛዝ የሚሠራ ሰው «ፈልግ» ቢል አዝራሩ ላይሰማው ይችላል፤ ይህ 2.5.3 ነው።
- ከዓይን ተሰውሮ በጆሮ ብቻ እንዲነበብ የሚፈለግን ጽሑፍ በ«ዲስፕሌይ ነን» አይሰውሩ፤ ከስክሪን ሪደርም ይሰውረዋል። ዎርድፕረስም ድሩፓልም ለዚህ የተዘጋጀ የሲኤስኤስ ክላስ አላቸው።
- ለመልእክት ማሳወቂያ አዲስ ነገር አይፈልስፉ። በዎርድፕረስ ስፒክ የሚባለው፣ በድሩፓል አናውንስ የሚባለው ተግባር አለ።
- የጨመሩት እያንዳንዱ ቃል፣ ለስክሪን ሪደር ብቻ የሆነው ጭምር፣ በፕሮጀክቱ የትርጉም ተግባር ይለፍ። ይህ ከተረሳ ገጹ በአንድ ቋንቋ እየተነበበ አዝራሩ በእንግሊዝኛ ይናገራል።

## ደረጃ 7፦ ፑል ሪኩዌስት ይላኩና ይከታተሉ

ፑል ሪኩዌስት ማስተካከያዎ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። መግለጫው የሪፖርቱን ቁጥር፣ ምን እንደተለወጠ፣ እንዲሁም ማውስ ሳይነካ የሚፈተንበትን እርምጃ ይያዝ። ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ስክሪን ሪደሩ ያለውን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ «በፊት፦ በተን። አሁን፦ ሦስተኛውን ክፍል አስወግድ፣ በተን።» ከአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ይልቅ ይህ መስመር ገምጋሚውን ያሳምናል።

ቢሰናከልስ? አውቶማቲክ ፈተናዎች ከወደቁ ያልነኩት ክፍል መሆኑን ይለዩ፤ ከሆነ ብራንችዎን ከዋናው ጋር አዋሕደው እንደገና ያሂዱ። ንድፍ አውጪ «የፎከሱ ቀለበት ያስቀይማል» ካለ ቀለበቱን አያጥፉ፤ በኪቦርድ ሲኬድ ብቻ የሚታይበትን የሲኤስኤስ መንገድ ያቅርቡ፣ ይህ ፎከስ ቪዚብል ይባላል። «ትንሽ ሰው ነው የሚጠቀመው» የሚል ክርክር ሲመጣ ቁጥር ለማምጣት አይሩጡ፤ ፕሮጀክቱ ራሱ የተቀበለውን መለኪያ ይጥቀሱ። ዎርድፕረስ ለምሳሌ አዲስም ሆነ የተሻሻለ ኮድ የኤኤ ደረጃን እንዲያሟላ በደንቡ ይጠይቃል።

ሥራዎ ለወራት ከቆመና ለመቀጠል ጊዜ ካጡ «እኔ አቁሜያለሁ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል» ብለው ይጻፉ። በስምዎ ተይዞ የቆመ ሪፖርትን ሌላው ደፍሮ አይነካውም።

## ደረጃ 8፦ ከተዋሐደ በኋላ

ማስተካከያው ወደ ዋናው ኮድ ሲገባ ሥራው አላለቀም። ለሙከራ የሚወጣው የቤታ ሥሪት ሲወጣ በሪፖርትዎ ላይ የጻፏቸውን እርምጃዎች አንድ በአንድ ይድገሙ፤ የመጨረሻው ሥሪት ሲወጣም እንዲሁ። በመካከል የገባ ሌላ ለውጥ፣ በተለይ ገጹን በአዲስ የጃቫስክሪፕት ክፍል የተካ፣ ፎከሱን መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። ጉድለቱ ተመልሶ ካገኙት የተዘጋውን ሪፖርት አያስከፍቱ፤ አዲስ ይክፈቱ፣ የቀድሞውን ቁጥር ከላይ ይጥቀሱ፣ በየትኛው ሥሪት ይሠራ እንደነበረና ከየትኛው ጀምሮ እንደተበላሸ ይጻፉ።